ታኅሣሥ ማታ በምሥራቅ የሚንቦገቦገው ኮከብ ምንድን ነው? (ከደምበጫ)

የአውድማ ዘበኛ | ታኅሣሥ 21፣ ማታ 4፡10

ሰላም ለዚህ ቤት፣ እንዴት አመሻችሁ።

ለበዓል ቤተሰብ ጋ መጥቼ ደምበጫ አጠገብ ነው ያለሁት። አባቴ ጤፉን ወቅቶ አልጨረሰም። ሌሊት ክምሩን የምንጠብቀው እኔና ታናሽ ወንድሜ ነን። ትናንት ማታ 2 ሰዓት ግድም እሳት አንድደን ድንች እየጠበስን ሳለ ወንድሜ ክንዴን ያዘኝ። «ያ ኮከብ አይደለም፣ የሚበር ነገር ነው» አለኝ።

ዞር ብዬ አየሁ። ከባሕር ዛፉ ጫፍ በላይ፣ ከምሥራቅ ትንሽ ወደ ደቡብ ዘወር ብሎ አንድ ነገር ይንቦገቦጋል። ቀይ ይሆናል፣ አረንጓዴ ይሆናል፣ ሰማያዊ ይሆናል። እውነቱን ልናገር፣ እኔም ፈራሁ። መንሹን መሬት ላይ ተክዬ በጫፉ አነጣጠርኩበት። ድንቹ እስኪበስል ቆይቼ ሳየው ከፍ ብሏል። እንደማንኛውም ኮከብ ቀስ ብሎ እየወጣ ነው ማለት ነው።

አባቴ ጋቢውን ተከናንቦ ሲመጣ ጠየቅሁት። «ዛሬ ገና ነው ያየኸው? በየዓመቱ በአውድማ ወቅት ይመጣል» አለ። ስሙስ? «የሚንቦገቦገው ነዋ!»

እስቲ የምታውቁ፣ ምንድን ነው? ስምስ አለው?

ላይ ሰፈር | ታኅሣሥ 21፣ ማታ 4፡32

አጥቢያ ኮከብ ነው ወንድሜ። ከሱ የበለጠ የሚያበራ የለም።

ባለ ጠመኔው | ታኅሣሥ 21፣ ማታ 5፡05

ላይ ሰፈር፣ ይቅርታ አድርግልኝና አይደለም። አጥቢያ ኮከብ የምንላት ቬነስ ናት፣ እሷ ደግሞ ፕላኔት ናት። ከፀሐይ ከ48 ዲግሪ በላይ ርቃ አታውቅም። ስለዚህ ጎህ ሳይቀድ በምሥራቅ ትታያለች፣ ወይም ፀሐይ እንደጠለቀች በምዕራብ። ማታ 2 ሰዓት ላይ በምሥራቅ ልትወጣ አትችልም።

የአውድማ ዘበኛ ያየው ሲሪየስ ነው። ከሌሊቱ ሰማይ ከዋክብት ሁሉ ደማቁ እሱ ነው። ለማረጋገጥ ዛሬ ማታ ከሱ በላይ ተመልከት። በአንድ መስመር የተሰለፉ ሦስት ከዋክብት ታያለህ፣ ኦሪዮን ከሚባለው የከዋክብት ስብስብ ውስጥ የኦሪዮን መታጠቂያ የሚባሉት ናቸው። መስመሩን ወደ ታች፣ ወደ ቀኝህ ብታስቀጥለው ቀጥታ እሱ ላይ ይወስድሃል።

ቀለሙን የሚቀያይረው ኮከቡ አይደለም፣ የኛ አየር ነው። ኮከብ በጣም ሩቅ ስለሆነ ብርሃኑ እንደ አንዲት ነጥብ ነው የሚደርሰን። አድማስ አጠገብ ሲሆን ደግሞ ብዙ አየር አቋርጦ ይመጣል። የሞቀውና የቀዘቀዘው አየር ሲተራመስ ብርሃኑን ወዲያ ወዲህ ያጥፈዋል፣ ቀዩን በአንድ በኩል፣ ሰማያዊውን በሌላ በኩል። እሳትህ አጠገብ ተቀምጠህ በነበልባሉ ላይ ማዶውን ስታይ ክምሩ ሲንቀጠቀጥ አላየህም? ያው ነው። ሌሎች ከዋክብትም ይህ ይደርስባቸዋል፣ ግን ደካማ ስለሆኑ ቀለማቸው አይለይህም። ሌሊት 6 ሰዓት ላይ አናትህ አካባቢ ሲደርስ እየው፣ ረጋ ብሎ ነጭ ይሆናል፣ ትንሽ ሰማያዊ የነካው።

የአውድማ ዘበኛ | ታኅሣሥ 22፣ ጠዋት 1፡20

መምህር፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሦስቱን አገኘኋቸው። ሌሊትም ተነስቼ አየሁት፣ እንዳሉት ነጭ ሆኗል። ወንድሜ ግን «ታዲያ ከሁሉ ትልቁ እሱ ነው?» ብሎ አስጨንቆኛል።

ባለ ጠመኔው | ታኅሣሥ 22፣ ቀን 7፡45

ጎበዝ ልጅ ነው፣ ጥያቄው ትክክለኛ ነው። ትልቁ አይደለም። ከፀሐይ በስፋት 1.7 ጊዜ፣ በክብደት 2 ጊዜ ያህል ይበልጣል፣ 25 ፀሐይ ያህል ያበራል። ገጹ ወደ 10,000 ዲግሪ ይጠጋል፣ የፀሐይ 5,500 ነው። ይህ በከዋክብት ዓለም መካከለኛ ባለሀብት ማለት ነው። እዚያው ኦሪዮን ላይ ያለው ሪጄል ከሱ በሺዎች እጥፍ ያበራል።

ታዲያ ለምን ደመቀ? ጎረቤት ስለሆነ። ሲሪየስ 8.6 የብርሃን ዓመት ነው የሚርቀን፣ 81 ትሪሊዮን ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው። ሪጄል ግን ከ800 የብርሃን ዓመት በላይ ይርቃል። የጎረቤት ኩራዝ ከማዶ ከተማ መብራት ይደምቅ የለ?

ላይ ሰፈር | ታኅሣሥ 22፣ ማታ 2፡15

ስለ አጥቢያው ተሸንፌያለሁ 😀 ግን ቆይ። 8.6 የብርሃን ዓመት ካሉ፣ ዛሬ ማታ የማየው ብርሃን ከዚያ የተነሳው ከስምንት ዓመት ተኩል በፊት ነው? ያኔ ልጄ አልተወለደችም። አሁን ሁለተኛ ክፍል ናት።

ባለ ጠመኔው | ታኅሣሥ 22፣ ማታ 2፡40

ልክ ነህ። ይዘሃት ውጣና አሳያት።

አንድ ነገር ልጨምር፣ እኔን ከሁሉ የሚገርመኝ እሱ ስለሆነ። ሲሪየስ ብቻውን አይደለም። በ1844 እ.ኤ.አ. ቤሰል የሚባል ጀርመናዊ ሊቅ የኮከቡን ጉዞ ሲከታተል ቀጥ ብሎ እንደማይሄድ አስተዋለ። እንደ ሰከረ ሰው ወዲያ ወዲህ ይላል። የማይታይ ጓደኛ እየጎተተው መሆን አለበት አለ። ጓደኛውን በዓይን ያየው ከ18 ዓመት በኋላ፣ በ1862፣ አሜሪካዊው የቴሌስኮፕ ሠሪ አልቫን ግራሃም ክላርክ ነው። አዲስ መነጽር ሲሞክር ነው ያገኘው።

ይህ ጓደኛው «ነጭ ድንክ» የሚባል፣ ነዳጁን የጨረሰ የኮከብ ፍም ነው። ስፋቱ ምድርን ያህላል፣ ክብደቱ ግን ፀሐይን። ከሱ አንድ የቡና ማንኪያ ብትጨልፍ ከ100 ኩንታል በላይ ይመዝናል። ሁለቱ በ50 ዓመት አንዴ ይዟዟራሉ።

ጣና ዳር | ታኅሣሥ 22፣ ማታ 3፡02

መቶ ኩንታሉ በማን ሚዛን ነው መምህር፣ በገበሬው ወይስ በነጋዴው?

የሞጣዋ | ታኅሣሥ 23፣ ጠዋት 3፡30

የስሙን ነገር ትታችሁት ኩንታል ውስጥ ገባችሁ። እኔ ልናገር።

ዓረቦች «ሺዕራ» ይሉታል። ቁርኣን ውስጥም አለ፣ ሱረቱ ነጅም 49ኛው አያ ላይ፣ አላህ የሺዕራ ጌታ እንደሆነ ይናገራል። ልጅ ሆኜ ቂርኣት ቤት ስንቀራ ኡስታዛችን «ዓረቦች ከእስልምና በፊት ይህን ኮከብ የሚያመልኩ ነበሩባቸው፣ ለዚህ ነው ጌታ እንዳለው የተነገራቸው» ብለውናል። ኮከቡን ግን አላሳዩንም። ያየሁት አሁን፣ በዚህ ክር ምክንያት ነው። ትናንት ግቢ ወጥቼ አገኘሁት። ወላሂ ዕድሜ ልኬን ሳየው ኖሬያለሁ፣ ስሙን ካለቤቱ ነበር የማውቀው።

ተረትም አላቸው። ሱሃይልና ሁለቱ ሺዕራዎች ወንድምና እህት ነበሩ። ሱሃይል ወደ ደቡብ ጠፍቶ ሄደ። አንደኛዋ እህት ፍኖተ ሐሊብን፣ ያንን ነጩን የሰማይ ወንዝ ተሻግራ ተከተለችው። ለዚህ «ተሻጋሪዋ» ትባላለች፣ የኛይቱ ይህች ናት። ሌላዋ መሻገር አቅቷት ማዶ ቀረች። ስታለቅስ ስታለቅስ ዓይኗ ደከመ፣ ስለዚህ ብርሃኗ አነስ ይላል። እሷን ፈረንጆቹ ፕሮሲየን ይሏታል።

ጣና ዳር | ታኅሣሥ 23፣ ጠዋት 4፡11

እህቴ፣ ይህ ተረት የዓረብ ነው ብለሽ አታታልዪን። ዓባይን ተሻግሮ አዲስ አበባ የቀረ ወንድም የሌለው የጎጃም ቤት የታለ?

ባለ ጠመኔው | ታኅሣሥ 23፣ ቀን 6፡50

የሞጣዋ ያለችውን ወንድምየውንም ከጎጃም ማየት ይቻላል። ሱሃይል ማለት ካኖፐስ ነው፣ ከሲሪየስ ቀጥሎ ሁለተኛው ደማቅ ኮከብ። አውሮፓ አብዛኛው አገር አይታይም። እኛ ግን ወደ ምድር ወገብ ስለቀረብን ሌሊት ከሲሪየስ በታች፣ ወደ ደቡብ ዝቅ ብሎ እናገኘዋለን። ሁለቱን ደማቆች በአንድ ጊዜ ማየት የኛ ዕድል ነው። በአንጻሩ የሰሜን ኮከብ እኛ ጋ ከአድማስ 11 ዲግሪ ገደማ ብቻ ስለሆነ ባሕር ዛፍ ይጋርደዋል።

የቀድሞ ቆሎ ተማሪ | ታኅሣሥ 23፣ ማታ 1፡55

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ ዋሸራ ቅኔ ቤት የነበርኩ ሰው ነኝ። እኛ ጋ «ኮከብህ ምንድን ነው?» ቢባል ሰማይ የሚያይ የለም። የስምህና የእናትህ ስም ፊደላት በቁጥር ይደመሩና ለ12 ይገደፋሉ። የተረፈው ቁጥር ኮከብህን ይነግርሃል፦ ሐመል፣ ሠውር፣ ገውዝ፣ ሸርጣን፣ አሰድ... እያለ እስከ ሑት። ደብተራው ይህን ሲሠራ ጨለማ ቤት ውስጥ ጧፍ አብርቶ ነው እንጂ ደጅ ወጥቶ አይደለም።

ስሞቹ ግን ከዓረብኛ የመጡ ናቸው፣ የሞጣዋ ትመስክር። «ገውዝ» ዓረቦች «ጀውዛእ» የሚሉት ነው። የኦሪዮን ትከሻ ላይ ያለው ቀዩ ቤቴልጅዩዝም ስሙ ከዚያው «የጀውዛእ እጅ» ከሚለው ነው የተበላሸው። እኔ ከስሌት ኮከቤ ገውዝ ነው። አርባ ዓመት ሙሉ ከአናቴ በላይ እንዳለ አላውቅም ነበር።

የሲሪየስን ስም በኢዮብ መጽሐፍ ፈለግሁ። ኦሪዮን በስሙ ተጠርቷል፣ እሱ ግን አልተጠራም።

አላምንም ባዩ | ታኅሣሥ 24፣ ጠዋት 2፡20

ፈረንጆቹ «የውሻ ኮከብ» ይሉታል። የኦሪዮን አዳኝ ውሻ ነው በግሪኮች ተረት። ሲሪየስ ራሱ በግሪክኛ የሚያቃጥል ማለት ነው። በበጋቸው ከፀሐይ ጋር ስለሚወጣ ሐሩሩን የሚያመጣው እሱ ይመስላቸው ነበር። ያ የእነሱ የሐሩር ወራት ለኛ ሐምሌ ነው። ሐምሌ ላይ ደምበጫ ያለ ሰው ስለ ሐሩር ሲነግሩት ምን ይል ይሆን? ቻይኖች ደግሞ «የሰማይ ተኩላ» ነው የሚሉት። ውሻም ተኩላም ያሉት ሳይነጋገሩ ነው።

የአውድማ ዘበኛ | ታኅሣሥ 24፣ ጠዋት 2፡41

የኛ ውሻ ያን ማታ ሲጮህበት ነበር። ዘመዱን አውቆ ነው ለካ።

የሰከላው | ታኅሣሥ 24፣ ማታ 3፡15

ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። አሁን ግን የኛ አገር ጉዳይ ስለሆነ ልግባ።

ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1770 እ.ኤ.አ. ኖቬምበር ግሽ ዓባይ ደርሷል። በ1790 ባሳተመው የጉዞ ዘገባ ላይ ይህን ጽፏል፦ የግሽ ሹም በዓመት አንዴ የውሻው ኮከብ መጀመሪያ በሚታይበት ጊዜ የአገው ጎሣ አለቆችን ይሰበስባል። ያልወለደች ጥቁር ጊደር ይታረዳል፣ ጭንቅላቷ ምንጩ ውስጥ ይነከራል፣ ሥጋው ለየጎሣው ተከፋፍሎ እዚያው ይበላል። አንዳንዶች ደግሞ «ከ11 ቀን በኋላ ነው» ይላሉ ብሏል።

ማለትም ይህ የምትከራከሩበት ኮከብ ከዓባይ ምንጭ ጋር፣ ከኛ ቀዬ ጋር በጽሑፍ ተያይዟል። ግብጾችም እሱን «ሶፕዴት» እያሉ ጎህ ሲቀድ ብቅ ሲል የዓባይ ሙላት መጣ ይሉ ነበር። ሙላቱን የሚልከው ማን ነው? አስዋን ከሚደርሰው ውሃ ወደ 85 በመቶው የኢትዮጵያ ደጋ ነው። እነሱ ኮከብ ያያሉ፣ እኛ ውሃውን እንልካለን።

አላምንም ባዩ | ታኅሣሥ 24፣ ማታ 3፡50

ስሜን ላስከብር። ብሩስን አላምነውም።

ኮከቡ በሰኔና በሐምሌ መጀመሪያ አካባቢ ከፀሐይ ጋር ተደብቆ ይከርማል። መጀመሪያ ጎህ ላይ የሚታየው በኛ ኬክሮስ በሐምሌ አጋማሽ ነው። የሰከላው፣ አንተው ንገረን። ሐምሌ አጋማሽ ላይ ከግሽ ዓባይ ሰማይ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ከ2,700 ሜትር በላይ ያለ ቦታ ነው። ጉም፣ ዝናብ፣ ጭቃ። በዚያ ላይ ብሩስ የደረሰው ጥቅምት መጨረሻ ነው፣ በዓሉን በዓይኑ አላየም፣ ሰምቶ ነው የጻፈው። ከመምጣቱ በፊት የግብጽን ታሪክ አንብቦ ጭንቅላቱን ሞልቶ ነው የመጣው። አንዱ ገበሬ «በክረምት ነው የምናርደው» ቢለው እሱ «አሃ፣ የውሻው ኮከብ!» ብሎ ይጽፋል።

ማሊ ላይም ይህ ደርሷል። ፈረንሳዮቹ ተመራማሪዎች ግሪዮልና ዲተርለን፣ ዶጎን የሚባሉት የዚያ አገር ሰዎች የሲሪየስን ስውር ጓደኛ ያውቃሉ ብለው በ1950 እ.ኤ.አ. ጻፉ። ዓለም ጉድ አለ። በኋላ ቫን ቤክ የሚባል ሆላንዳዊ እዚያው ኖሮ ሲጠይቅ ያንን የሚያውቅ ሰው አላገኘም፣ በ1991 አሳተመው።

የቀድሞ ቆሎ ተማሪ | ታኅሣሥ 25፣ ጠዋት 12፡40

አላምንም ባዩ፣ አንድ ነገር ዘለልክ። ቀን ለማወቅ ኮከቡን ማየት ግድ አይደለም። በደመናም በጉምም ቀን ይቆጠራል። ጾም መቼ እንደሚገባ ስናሰላ ሰማይ አናይም፣ ባሕረ ሐሳብ እንቆጥራለን። «ከ11 ቀን በኋላ» የሚለው ራሱ የቆጠራ ቋንቋ ነው።

ቆጠራውስ ቢሆን ከየት መጣ? 12 ወር በ30 በ30 ቀን፣ ከዚያ ጳጉሜ። ይህ የጥንት ግብጾች አቆጣጠር ነው፣ በቅብጦች በኩል ለኛ ደረሰ።

አላምንም ባዩ | ታኅሣሥ 25፣ ጠዋት 1፡15

ይህ ጥሩ መልስ ነው። ግማሽ ተረትቻለሁ። ሌላው ግማሽ ደመናው ላይ ቆሟል።

የሰከላው | ታኅሣሥ 25፣ ማታ 2፡30

ዛሬ ግሽ ዓባይ ላይ ጊደር የለም። ሕዝቡ የሚጎርፈው ጥር 13 ነው፣ ለአቡነ ዘርዐ ብሩክ። ጻድቁ ሰባት መጻሕፍታቸውን ለወንዙ አደራ ሰጥተው፣ ኋላ ሲጠይቁት ሳይርስ መለሰላቸው ይባላል። ጥር 12 ለ13 አጥቢያ ሰማዩ የጠራ ነው። ሌሊት 5 ሰዓት ተኩል ግድም ሲሪየስ ከሁሉ ከፍ ብሎ ይቆማል። ጀሪካን ይዞ ጠበል የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ከሥሩ ነው የሚያድረው። በሐምሌ ግን አላምንም ባዩ እንዳለው ነው፣ ሰማይ መኖሩንም እንረሳለን።

ጣና ዳር | ታኅሣሥ 26፣ ቀን 8፡05

ከርዕስ ልውጣ። ስም የሌለው ኮከብ ካሳዘናችሁ፣ የኛ ስም ያለው ኮከብ እንዳለ ታውቃላችሁ? በ2019 እ.ኤ.አ. ለየአገሩ አንዳንድ ኮከብ እንዲሰይም ዕድል ሲሰጥ ኢትዮጵያ «ቡና» ብላ ሰይማለች። በዙሪያው የሚዞረው ፕላኔት ደግሞ «አቦል» ነው። በባዶ ዓይን ግን አይታይም።

የሞጣዋ | ታኅሣሥ 26፣ ቀን 8፡20

ቶናና በረካው ገና አልተገኙም ማለት ነው 😀

የአውድማ ዘበኛ | ታኅሣሥ 29፣ ሌሊት 7፡25

እንኳን አደረሳችሁ። ከቤተ ክርስቲያን ትንሽ ወጥቼ ነው። ማኅሌቱ ውስጥ ነው፣ ሰዉ ቅጥሩን ሞልቷል። ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ከጽዱ በላይ፣ አናታችን ላይ ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው ቆሞ ነበር። ለአባቴ ስለ ቡና ማንኪያው ነገርኩት። ብዙ ዝም ብሎ «መቶ ኩንታል ጤፍ በአንድ ማንኪያ ቢገባ ጎተራ አያስፈልግም ነበር» አለኝ። ወንድሜ ደግሞ ሁለተኛውን ካላሳየኸኝ ብሏል፣ ቴሌስኮፕ ያለው ሰው ካለ።

የሰከላው | ሐምሌ 29፣ ጠዋት 2፡10

ይህን ክር ከሞት ላስነሳው ነው። አላምንም ባዩ፣ አለህ?

ከሐምሌ 20 ጀምሮ በየቀኑ ሌሊት 11 ሰዓት ተነስቻለሁ። የአባቴን ገሳ ደርቤ፣ ቦት ጫማ አድርጌ፣ ከምንጩ በላይ ያለው ጉብታ ላይ ወጥቼ ምሥራቅ ምሥራቁን ሳይ። የመጀመሪያው ቀን ዝናብ። ሁለተኛው ጉም፣ የገዛ እጄን አላየሁም። ሦስተኛው ቀን ተንሸራትቼ ወደቅሁና ባለቤቴ «ምን ቀበርክ እዚያ?» አለችኝ። እንዲህ እንዲህ እያለ ስምንት ቀን ሄደ።

ትናንት ጠዋት ግን 11 ሰዓት ተኩል ላይ ደመናው በአድማሱ በኩል ስንጥቅ አለ። የበር ክፍተት ያህል። በዚያች ክፍተት ውስጥ ያ ነገር ይንቦገቦጋል፣ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ። ሁለት ደቂቃ ቢሆን ነው። ከዚያ ተዘጋ፣ ዝናቡም መጣ።

አላምንም ባዩ | ሐምሌ 29፣ ጠዋት 2፡34

አለሁ። ከዘጠኝ ቀን አንድ ቀን፣ ለሁለት ደቂቃ። ይህ ለኔ ነው ወይስ ለብሩስ የሚመሰክረው?

የቀድሞ ቆሎ ተማሪ | ሐምሌ 29፣ ጠዋት 2፡50

ለሁለታችሁም። ፎቶ አነሳኸው?

የሰከላው | ሐምሌ 29፣ ጠዋት 3፡05

ስልኩ ረጥቦ ጠፍቶብኝ ነበር። ጊደርም አላረድኩም፣ ያለችኝ ጥቁሯ ወልዳለች።